«ዜሮ ዓመት ልምድ» ማለት ባዶ እጅ ማለት አይደለም

ምሩቃንን ለመመልመል ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በሄድኩ ቁጥር አንድ መልስ አይቀርልኝም፦ «የሥራ ማስታወቂያው ዜሮ ዓመት ስለሚል ሲቪዬ ላይ ልምድ የሚለውን ክፍት ተውኩት።» ለዓመታት ብሰማውም ዛሬም ያናድደኛል፤ ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ጎበዞቹ ናቸውና።

«ዜሮ ዓመት» ማለት ቀጣሪው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይጠይቅም ማለት እንጂ እጅህ የነካውን ማወቅ አይፈልግም ማለት አይደለም። ለአንድ ቦታ የሚቀርቡት ሲቪዎች ተመሳሳይ ትምህርት ክፍል፣ ተመሳሳይ ኮርስና ተቀራራቢ ውጤት ይዘው ሲመጡ፣ መልማዩ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር የተግባር ልምምዱና የመመረቂያ ሥራው ብቻ ነው።

አምና ከአንድ ትምህርት ክፍል የመጡ ሁለት ተማሪዎችን አነጋግሬ ነበር። ሁለቱም የተለማመዱት ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሲሆን፣ ምን እንደሠሩ ስጠይቃቸው ልጁ «ብዙ ነገር ተምሬበታለሁ» ብሎ ዝም አለ። ልጅቷ ግን ኮሌታ በሚሰፋበት ቦታ ሥራ እየተከማቸ ቀጥለው ያሉት ሰፊዎች ያለ ሥራ ሲጠብቁ እንዳየች፣ ለሦስት ቀንም በየሰዓቱ ስንት ሸሚዝ እንደሚያልፍ እንደመዘገበች ነገረችኝ፤ በእርሳስ ያሰመረችውን ሠንጠረዥም ከነደብተሩ አውጥታ አሳየችኝ። ውጤቷ ከልጁ ያነሰ ነበር፤ የቀጠርነው ግን እርሷን ነው። ልጁም እዚያው መስመር ላይ ቆሞ ያንኑ ክምር አይቶ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ እባካችሁ «ልምምድ ወጥቻለሁ» ብላችሁ አትለፉ፤ የት እንደነበራችሁ፣ ምን ችግር እንዳያችሁና እናንተ ራሳችሁ ምን እንዳደረጋችሁ በሦስት መስመር ጻፉ።

«አማካይ ውጤቱ ከ3.5 በታች የሆነ አይመዘገብም» የሚባለው ወሬ ነው፤ የውጤት ገደብ ያለው ቀጣሪ በማስታወቂያው ላይ ስለሚጽፈው ማስታወቂያውን ማንበብ ይበቃል።

«መጀመሪያ ልመረቅ» የሚሉት ደግሞ ወደ ግቢ የሚመጡት ቀጣሪዎች ተመራቂውን የሚፈልጉት ገና ግቢ ውስጥ ሳለ መሆኑን ይረሳሉ። በእርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ ይህ ግን ለፈተናው እየተዘጋጁ ማመልከትን አይከለክልም።

ለመመዝገቢያ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ቀጣሪ አይደለም፤ አትክፈሉ።

«የሙከራ ጊዜ ደመወዝ የለውም» የሚል ውልም አትፈርሙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም፤ ደመወዙም ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይታሰባል።