ራሱን የቻለ ትንሽ የጦር ጨዋታ ምንድን ነው? አገልግል ትንሽ መሶብ አይደለም

«ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ስታገኙ ወደ ትልቁ ትገባላችሁ።»

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ እዚሁ ደሴ፣ ተማሪዎቼ ጠረጴዛ ከበው ትንሽ የጦር ጨዋታ ሲጫወቱ ቆሞ ያየ አንድ ሰው ደገመው። ክፋት አልነበረውም፤ ሊያበረታታን ፈልጎ ነው። ያለው ነገር ግን ስህተት ነው፤ ደጋግሞ ሲነገር ደግሞ ልጆቹ የያዙትን ነገር የጎደለ አድርገው ማየት ይጀምራሉ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

የጦር ጨዋታ በጠቅላላው ምን እንደሆነ አልዘረዝርም። ሰንጠረዥ የተጫወተ ሰው ሐሳቡ አይጠፋውም፤ ሰንጠረዡ ላይ ኮረብታና ወንዝ ጨምሩ፣ ዳይስ ጨምሩ፣ ያው ነው። የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1824 ለአገሩ ጦር ያቀረበው ጨዋታ በካርታ ላይ ነበር፤ ዳኛም ያስፈልገው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፉ በዝቷል። እኔ የማወራው ስለ አንዱ ቅርንጫፍ ነው፤ ስለ ትንሹ፣ ርካሹ፣ ራሱን ስለቻለው።

«ትንሽ» የተባለው በብዙ የጦር ጨዋታ ገበታው ላይ የሚቆሙት የወታደር ምስሎች ቁመት አይደለም። ቁመታቸው 6 ሚሊሜትር በሆነ ምስሎች ተጀምሮ ቀኑን ሙሉ የማያልቅ ጨዋታ አለ፤ በ28 ሚሊሜትር ምስሎች ግማሽ ሰዓት የማይሞላም አለ። ትንሽ የሆነው ጨዋታው የሚጠይቀው ነው፦ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የቁሱ ብዛት፣ የደንቡ ገጽ። «ራሱን የቻለ» ማለት ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ለሁለቱም ተጫዋቾች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይበቃል ማለት ነው። በኋላ የሚገዛ ሁለተኛ ሳጥን የለውም። በትልልቆቹ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሠራዊት ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ ይዞ ይመጣል፤ ጠረጴዛውም ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ከ80 በ1 ሜትር ከ20 ነው። እዚህ ግን አንዱ ሰው ሁለቱንም ወገን ይዞ ይመጣል፣ እንግዳው ባዶ እጁን ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሰውየው አባባል ልመለስ። አገልግልን አስቡ። መንገደኛ አገልግል ሲያነግት ትንሽ መሶብ አላነገተም። መሶብ ከጓዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወጡ ሲያልቅ ይጨመራል፣ እንጀራው ሲያንስ ይደገማል። አገልግል ግን ጓዳው እዚያው ውስጡ ነው። ስለዚህ የምታሰናዳው እናት ከመሶቡ ቀንሳ አትሞላውም፤ ሌላ አሠራር ነው የምትሠራው። መረቅ የበዛበት ወጥ አይገባም፣ መንገድ ላይ ይፈሳል። እንጀራው መረቁን እስኪመጥ ይፈተፈታል፣ እንቁላሉ መሃል ይቀመጣል፣ ክዳኑ ይከደናል፣ ጠፍሩ ይጠብቃል። መረቁ የለም አይባልም፤ አለ፣ እንጀራው ውስጥ ገብቷል።

ጥሩ ትንሽ ጨዋታ የሚሠራው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር የወጣውን ዲቢኤ የተባለ የጥንት ዘመን ውጊያ ደንብ ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ወገን 12 የጦር ክፍል ብቻ፣ 60 በ60 ሴንቲሜትር ገበታ፣ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ። ተራው ሲደርስህ አንድ ዳይስ ትጥላለህ፤ የወጣው ቁጥር በዚያ ተራ ስንት ትእዛዝ መስጠት እንደምትችል ይወስናል። 1 ከወጣ አንዱን ክፍል፣ ወይም ተያይዞ የተሰለፈ አንድ ቡድን፣ አንቀሳቅሰህ ሌላውን እያየህ ትተወዋለህ። የመልእክተኛ መዘግየት፣ የአዛዥ መደናገር፣ የወታደር ድካም በትልቁ ጨዋታ ለየራሳቸው የቁጥር ሠንጠረዥ ይኖራቸው ነበር። እዚህ ሁሉም አንዲት ዳይስ ውስጥ ተመጥተዋል። ክዳንም አለው፤ ከጠላቱ የበለጠ ጉዳት ደርሶበት አራት ክፍል ያጣ ወገን ተሸነፈ፣ ጨዋታው ተዘጋ።

«ታዲያ ጥቂት ከሆነ ይቀልላል» የሚልም አለ። ቅዳሜ ዕለት የነበረውን ልንገራችሁ።

ገበታው ላይ የነበረው እኛው ያዘጋጀነው ጨዋታ ነው፦ አሮጌ በተባለው ሜዳ የተደረገው ውጊያ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። የአገራችን የወሎ መሬት ነው፣ መቅደላ ሥር። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች በፊታውራሪ ገብርዬ እየተመሩ ከፋላ ኮረብታ ወደ እንግሊዝ ጦር የወረዱበት ቀን። ጓዝ የጫኑት በቅሎዎች ጠባቂ የሌላቸው መስሏቸው ነበር፤ የጠበቃቸው ግን ጥይት ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ነው። ጓዙን ሳይዙ ተመለሱ፣ ገብርዬም እዚያው ወደቀ። የእኛ ገበታ የካርቶን ጀርባ ነው፤ ክፍሎቹ ዳማ የምንጫወትባቸው ቆርኪዎች ናቸው፣ ውስጣቸው ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ሁለት የሉዶ ዳይስ አለ። ሁሉም አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል። የኢትዮጵያ ወገን ዘጠኝ ቆርኪ አለው፤ በ10 ተራ ውስጥ አንዱ እንኳ በቅሎዎቹን ከነካ ያሸንፋል።

የገብርዬን ወገን የያዘችው ልጅ ሰባት ተራ ስትጨርስ የቀሯት ቆርኪዎች አራት ነበሩ። በሜዳው ከሄደች በሁለት ተራ በቅሎዎቹ ጋ ትደርሳለች። በፈፋው ከሄደች ሦስት ይፈጅባታል፤ ማለትም በመጨረሻው ተራ፣ ለስህተት ምንም ሳይተርፋት። ፈፋው ግን ከለላ ስለሆነ ዳይሷ ላይ አንድ ይጨመርላታል። የገብርዬን ቆርኪ አነሳች፣ መለሰች። እንደገና አነሳችና በሁለት ጣቷ እንደያዘች ቀረች። «ቲቸር፣ ይሄ ከሞተ ማን ይቀረኛል?» አለችኝ። ሁለት መቶ ወታደር በቆመበት ጠረጴዛ ላይ ስለ አንዱ እንዲህ የሚጨነቅ ተጫዋች አላየሁም። ጥቂት መሆናቸው እያንዳንዱን አከበደው እንጂ ነገሩን አላቀለለውም። ብዙዎቻችንን የያዘን ይኸው ነው፤ ርካሽነቱ በሩን ከፈተልን እንጂ ያስቀመጠን እሱ አይደለም።

የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነውና ያቺ «አንድ» ምን ያህል እንደምትመዝን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሁለት ሰዎች አንድ አንድ ዳይስ ጥለው ትልቅ ቁጥር ያወጣው ሲያሸንፍ 36 ዐይነት ውጤት አለ። እኩል ከሆኑ 15ቱን አንዱ፣ 15ቱን ሌላው ያሸንፋል፣ 6ቱ አቻ ነው። ለአንደኛው አንድ ሲጨመርለት 21 ያሸንፋል፣ 10 ይሸነፋል፣ 5 አቻ። ከእኩል ለእኩል ተነስቶ ከእጥፍ በላይ! ደንብ የሚጽፉ ጀማሪዎች ይህን ሳያሰሉ ለኮረብታው አንድ፣ ለፈረሱ አንድ፣ ለጀግናው አንድ እያሉ ይደራርባሉ፤ ከዚያ ዳይሱ መጣሉ ትርጉም ያጣል።

ሰውየው ያላነሳው፣ ቢያነሳው ግን እውነት የሚሆን አንድ ነቀፌታ አለ። በትንሽ ጨዋታ ዕድል ይበዛል። ትልቁ ጨዋታ ላይ ዳይሱ በመቶ ጊዜ ስለሚጣል መልካሙና ክፉው ይቻቻላል፤ እዚህ አንዲት መጥፎ ውርወራ ከሰዓት በኋላህን ልትወስደው ትችላለች። ይህን አልክድም። መድኃኒቱ ግን ከዚያው ከትንሽነቱ ይገኛል። አንዱ ዙር 40 ደቂቃ ስለሆነ ወገን ተቀያይሮ ደግሞ መጫወት ይቻላል። ትልቁን ተጫውቶ በዚያው ቀን የሚደግመው ማን አለ?

ሦስት ዙርም ቢሆን አይበቃም። ከመቶ 60 ጊዜ የሚያሸንፍ የተሻለ ተጫዋች ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ይቅደም ቢባል፣ ደካማው ከመቶ 35 ጊዜ ያህል ይቀድመዋል። ልጅቱ ቅዳሜ በፈፋው ሄዳ ነካች፤ በአጠቃላይም ሁለት ለአንድ አሸነፈች። ጓደኞቿ «ትበልጣለች» ብለው አጨበጨቡላት። እኔ ገና አልፈረድኩም። በቅዳሜ አምስት ዙር ቢጫወቱ በአራት ቅዳሜ ሃያ ይሞላል፤ ውጤቱን የምንመዘግብበት ወረቀት ካርቶኑ ክዳን ላይ ተለጥፏል፣ ሦስት መስመር ተጽፎበታል።