የቻይና የኢንዱስትሪ ፖሊሲና የፍትሐዊነት ሙግት

ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው 15 ዓመት ከፈጀ ድርድር በኋላ በዲሴምበር 2001 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን፣ ብራስልስና ቤጂንግ በአንድ ጥያቄ ይከራከራሉ፦ መንግሥት የራሱን ፋብሪካ ሲደግፍ እስከ የት ድረስ ልማት ነው? የሌላውን አገር ፋብሪካ ማዘጋት የሚሆነውስ ከየት ጀምሮ ነው?

የመጀመሪያው ክስ ቴክኖሎጂን ይመለከታል። የውጭ መኪና አምራች ቻይና ውስጥ ለመሥራት ከአገር ውስጥ ኩባንያ ጋር መሻረክ ነበረበት፤ ድርሻውም ከ50 በመቶ አያልፍም ነበር። ገደቡ ለኤሌክትሪክ መኪኖች በ2018፣ ለሌሎች የቤት መኪኖች በ2022 ተነሣ። ከሳሾች «ገበያ ለማግኘት ዕውቀታችንን እንድናስረክብ ተገደድን» ይላሉ። ቤጂንግ ደግሞ «ውሉን በፈቃዳችሁ ፈርማችሁ አትርፋችኋል» ትላለች። ይህን ያህል ሰፊ ገበያ ከፊቱ ተደቅኖ ፈቃድና ግዴታን መለየት ግን ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ክስ ድጎማ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ሸማቾች ከተሰጠው ድጎማ ሌላ የአካባቢ መስተዳድሮች ርካሽ መሬት፣ የመንግሥት ባንኮች ደግሞ ርካሽ ብድር ሰጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ከመደበኛው 10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ፤ ከቻይና አምራቾች በቢዋይዲ 17፣ በኤስኤአይሲ 35.3 በመቶ። አሜሪካ በዚያው ዓመት ቀረጧን 100 በመቶ አደረሰች። ይሁንና ርካሽነቱ የድጎማ ውጤት ብቻ አይደለም። ባትሪውና የባትሪው ግብዓት በብዛት እዚያው ይመረታል፤ በአምራቾቹ መካከል ያለው ፉክክርም እጅግ ብርቱ ነው።

ለቻይና የሚሟገቱ ታሪክ ይጠቅሳሉ። የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን ጀማሪ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከለላ ይገባቸዋል ብሎ ለኮንግረስ ያቀረበው በ1791 ነው። የጃፓን መኪኖች ገበያውን ሲያጥለቀልቁም ቶኪዮ በ1981 ወደ አሜሪካ የምትልከውን በዓመት ወደ 1.68 ሚሊዮን እንድትገድብ ተደርጋለች። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከዓለም ብረት ከግማሽ በላይ የሚያመርት አገር አሁንም እንደ ጀማሪ ሊታይ አይችልም።

በዚህ ሙግት ውስጥ ድምፁ እምብዛም የማይሰማው የራሷ የቻይና ሠራተኛ ነው። የቤተሰብ ፍጆታ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁኮው በተባለው የነዋሪነት ምዝገባ ምክንያት ከገጠር የመጡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በሚሠሩበት ከተማ ሙሉ የትምህርትና የጤና አገልግሎት አያገኙም፤ ስለዚህ ለክፉ ቀን ይቆጥባሉ። እነሱ ያልገዙት ዕቃ ወደ ውጭ ይጎርፋል። በ2024 የቻይና የዕቃ ንግድ ትርፍ (ወደ ውጭ ከላከችው ያስገባችው ሲቀነስ) ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር ተጠግቷል። በእኔ ግምት የኢፍትሐዊነቱ ሥር ከድጎማው ይልቅ እዚህ ይገኛል።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በዝተዋል። ርካሽነቱ ገዢውን ይጠቅማል፤ እዚሁ ማምረት ለሚያስብ ግን ከባድ ፈተና ነው።

ቤጂንግ የአውሮፓን ቀረጥ በመቃወም ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት ብላለች። የድርጅቱ የይግባኝ አካል ግን አሜሪካ አዳዲስ ዳኞች እንዳይሾሙ በማገዷ ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ሥራ አቁሟል።