ወንድነትና ሴትነት በፖለቲከኞች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ

የአንድ ፖለቲከኛ የኢንስታግራም ገጽ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው ፖሊሲ አይደለም፣ ሰው ነው። ልጅ ያቀፈ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ላይቭ የገባ ሰው። እነዚህ ምስሎች ሳይናገሩት የሚናገሩት ነገር አላቸው፤ ሰውየው ምን ዓይነት ወንድ፣ ሴትየዋም ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች። ጉዳዩ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። አዲሱ ነገር ጋዜጠኛው ከመሃል መውጣቱ ነው። ድሮ ፎቶውን የሚመርጠው የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። አሁን የሚመርጠው ፖለቲከኛው ራሱ ነው፣ ወይም ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው የሚዲያ ቡድኑ።

ጾታ ሲነሳ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሴቶች ያዞራል። ከወንዶቹ መጀመር ይሻላል፤ የእነሱ ድካም ብዙ ጊዜ ስም ሳይወጣለት ያልፋል። የሩሲያው ቭላድሚር ፑቲን እ.ኤ.አ. በ2009 በቱቫ ክልል ከወገብ በላይ ራቁቱን ፈረስ ሲጋልብ የተነሳው ፎቶ በመንግሥት በኩል ነበር የተሰራጨው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ሌጣ ወንድነት ነው። ኢንተርኔቱ ግን ፈረሱን ወደ ድብ ቀይሮ ለዓመታት ሲስቅበት ኖረ። የኤል ሳልቫዶሩ ፕሬዚዳንት ናይብ ቡኬሌ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ኮፍያውን ገልብጦ የሚያደርግ የሰፈር ጎረምሳ መሰለ። በ2019 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ መድረክ ላይ ቆሞ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት ስልኩን አውጥቶ ሰልፊ ተነሳ።

ከሁሉም ጎልቶ የወጣው ግን የዩክሬኑ ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ ነው። የካቲት 2022 ጦርነቱ በተጀመረ በማግስቱ፣ በምሽት፣ ኪየቭ መሃል ከባልደረቦቹ ፊት ቆሞ በስልክ ራሱን ቀረጸ። ቪዲዮው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። መልእክቱም አጭር ነበር፦ ሁላችንም እዚሁ ነን። ሱፉን አውልቆ ወታደራዊ ቀለም ያለው ልብስ የለበሰው ሰውዬ ከዚያ በኋላ በሌላ አልባስ ብዙም አልታየም። በ2025 ዋይት ሐውስ ውስጥ ለምን ሱፍ አልለበስክም ተብሎ ተጠይቋል። ወንድም ስለ ልብሱ ይጠየቃል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የተጠየቀው ስለ ክብርና ወግ እንጂ ስለ ወንድነቱ አለመሆኑ ላይ ነው።

አባትነትም የዚሁ ጨዋታ አካል ነው። ነሐሴ 2019 የኒውዚላንድ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ትሬቨር ማላርድ ክርክር እየመራ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የአንድ እንደራሴ ጨቅላ ልጅ በጡጦ ሲያጠባ የሚያሳይ ፎቶ ትዊተር ላይ ለጠፈ። ዓለም በፍቅር ከነፈ። ማን ክርክሩን እየመራ ነው ብሎ የተጨነቀ ሰው ብዙም አልነበረም። በዚያው አገር በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ጃሲንዳ አርደርን በ2017 የፓርቲ መሪ ሆና በተመረጠች በሰዓታት ውስጥ፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ አላት ወይ ተብላ ነበር በቴሌቪዥን የተጠየቀችው። ጉዳዩ ያው የሕፃን ጉዳይ፣ አገሩም ያው ነው እንግዲህ።

አርደርን ግን ጥያቄውን ራሷ ቀደመችው። ጥር 2018 እርግዝናዋን ያስታወቀችው በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። የለጠፈችው ፎቶ ላይ ሁለት ትልልቅ የዓሣ መንጠቆዎች ነበሩ፣ መካከላቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ መንጠቆ። የፍቅር አጋሯ የዓሣ ማጥመድ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርና ሁሉም ሰው ወዲያው ገባው። ሰኔ ላይ ወለደች፤ መስከረም ላይ ሕፃኗ ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ታየች። መጋቢት 2020 አገሪቱ ለኮሮና ልትዘጋ ስትል ደግሞ ማታ ከቤቷ ፌስቡክ ላይቭ ገባች። ያረጀ ሹራብ ነው የለበሰችው። ልጅ ማስተኛት ልብስ ስለሚያበላሽ የሥራ ልብሷን እንዳልለበሰች ተናግራ፣ ቀጥታ ወደ ሕዝቡ ጥያቄ ገባች። ያ ሹራብ ከብዙ መግለጫ በላይ ሠርቷል ባይ ነኝ።

እናትነትን ከሌላ አቅጣጫ የያዘችው የጣሊያኗ ጆርጂያ ሜሎኒ ነች። በ2019 ሮም ውስጥ በተደረገ ሰልፍ ላይ ጆርጂያ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ እናት ነኝ፣ ጣሊያናዊት ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ አለች። ሁለት ዲጄዎች ሊያሾፉባት ንግግሩን በዳንስ ሙዚቃ ቀላቅለው ለቀቁት። ዘፈኑ ተወደደ፤ እሷም ይበልጥ ታወቀች። መስከረም 2022 በምርጫው ዕለት ደግሞ ሁለት ሐብሐብ መሰል ሜሎን ደረቷ ላይ ይዛ በቲክቶክ ብቅ አለች። በስሟ መቀለዷ ነበር። ቀልዱን ቀድሞ የሚናገር ሰው ላይ መቀለድ ይከብዳል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ሥልጣን ከያዘች በኋላ ግን ጽሕፈት ቤቷ ማዕረጓ በወንድ ጾታ እንዲጻፍ ነው የመረጠው።

ሴት ፖለቲከኞች ላይ የሚጠበቀው መስፈርት ወጣህም ገባህም ዓይነት ነው። ከተኮሳተረች ደረቅ፣ ከሳቀች ቀላል ትባላለች። ከተዋበች ለታይታ፣ ካልተዋበች ዝርክርክ። ፊንላንዳዊቷ ሳና ማሪን በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን ገና 34 ዓመቷ ነበር። ነሐሴ 2022 ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር የሚያሳይ የግል ቪዲዮ ሾልኮ ወጣ። ነገሩ እንዲበርድ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ አደረገች፤ ውጤቱም ነፃ ሆነ። ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ጭፈራ እየለጠፉ ከጎኗ ቆሙ። በአሜሪካ የኮንግረስ አባሏ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በ2019 የኮሌጅ ዘመን ጭፈራዋ ሲለቀቅባት፣ በምክር ቤት ቢሮዋ በር ላይ ስትጨፍር የሚያሳይ አዲስ ቪዲዮ ለጠፈች። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ትራንስጀንደር መሆናቸውን፣ ማለትም ጾታቸው ሲወለዱ ከተሰጣቸው የተለየ መሆኑን በይፋ የተናገሩ ፖለቲከኞች ሌላ ስሌት አላቸው። ዳኒካ ሮም በ2017 ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ስትወዳደር ማንነቷን አልደበቀችም። አብዝታ የምታወራው ግን ሩት 28 ስለሚባለው መንገድ የትራፊክ መጨናነቅ ነበር፤ አሸነፈችም። ፔትራ ደ ሱተር በ2020 የቤልጂየም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆናለች፤ ሳራ ማክብራይድም በ2024 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመርጣለች። ኢንስታግራም በ2021 ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበትን ተውላጠ ስም ፕሮፋይላቸው ላይ የሚያስገቡበት ቦታ ጨምሯል። ለፖለቲከኛ ግን እዚያ መጻፉም አለመጻፉም የወገን ምልክት ሆኖ ይነበባል።

ሒሳቡ ሲመጣ ግን እኩል አይከፈልም። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት በ2016 ከ39 አገሮች 55 ሴት እንደራሴዎችን አነጋግሮ ነበር። ከአምስቱ አራቱ ሥነ ልቦናዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። 44 በመቶ ያህሉ የግድያ፣ የመደፈር፣ የድብደባ ወይም የአፈና ዛቻ ደርሷቸዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በብሪታንያ ከ2017ቱ ምርጫ በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት ለሴት እንደራሴዎች የተላኩ ትዊቶችን ሲመረምር፣ ከስድቡ ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ወደ አንዲት ሴት የተላከ ሆኖ ተገኘ። ዳያን አቦት ትባላለች፤ ለብሪታንያ ፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነች።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ራስ ያልሠራው ምስል ነው። በሚያዝያ 2022 የሰሜን አየርላንዷ ፖለቲከኛ ካራ ሃንተር ምርጫ ሳምንታት ሲቀሩት ፊቷ የተለጠፈበት የውሸት የወሲብ ቪዲዮ በስልክ ይሰራጭ ጀመር። መንገድ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ጠየቋት። ወንበሯን ያተረፈችው በ14 ድምፅ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እንዲህ ያለ የተቀነባበረ ምስል ማሰራጨትን ወንጀል ያደረገው ሕግ ሥራ ላይ የዋለባቸው በ2024 መጀመሪያ ነው።