ዋሻ ውስጥ አደጋ ቢደርስ፦ የምንለውና እውነታው

ፒያሳ፣ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ቀላል ባቡሩ ከመሬት በታች ይገባል። ባለፈው እዚያ ስንደርስ አጠገቤ የቆሙ እናት አማተቡ። አንድ ጎረምሳ ሳቀና «አይዞዎት እማማ፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር አምቡላንስ ገብቶ ያወጣናል» አላቸው። ልቡ ደግ ነው፤ ግን ተሳስቷል።

«አምቡላንስ ገብቶ ያወጣናል»

አይገባም። ጭስ የሞላው ዋሻ ውስጥ የሚገቡት የመተንፈሻ መሣሪያ ያጠለቁ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ መቋረጡን ማረጋገጥ አለባቸው፤ የባቡሩ ሽቦ 750 ቮልት ነው። ሐኪሞቹ ውጭ፣ ጭሱ በማይመጣበት በኩል ሆነው የወጣውን ሰው ይቀበላሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንግዲህ ተሳፋሪው ራሱ ነው የሚወጣቸው።

«ጭስ ካየህ ወደ ላይ ሩጥ»

እ.ኤ.አ. በ2000 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ካፕሩን በሚባል ቦታ፣ ተራራ የሚወጣ ባቡር ዋሻ ውስጥ ተቃጠለ። መውጣት ከቻሉት ብዙዎቹ ሽቅብ ሮጡ። ዋሻው እንደ ጭስ ማውጫ ሆነና ጭሱ ደረሰባቸው። 155 ሰው አለቀ። በዚያ ባቡር ከተሳፈሩት የተረፉት 12 ብቻ ናቸው፤ እሳቱን አልፈው ቁልቁል የወረዱት። ወደ እሳት ሂዱ ማለቴ አይደለም። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳታዩ አትሩጡ ለማለት ነው።

«የሚጮኸው ይቅደም»

ይሄኛው ከሁሉም ይከብደኛል። የሚጮኽ ሰው ቢያንስ እየተነፈሰ ነው። የሚያስፈራው ጥግ ይዞ ዝም ያለው ነው።

ተጎጂ ሲበዛ ባለሙያዎቹ ትሪያጅ ይሠራሉ፤ ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበት በቀለም ምልክት ይለያሉ ማለት ነው። መጀመሪያ «መራመድ የምትችሉ ወደዚህ!» ይባላል፤ የመጡት አረንጓዴ ናቸው፤ ጉዳታቸው ቀላል ነው። ለቀረው ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ገደማ ነው ያለው፦ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፣ «እጄን ጨብጥ» ሲሉት መታዘዙ። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ቀይ ነው፤ ቶሎ ይነሳል። መጠበቅ የሚችለው ቢጫ ይሆናል። የማይተነፍስ ከሆነ የአየር መንገዱን ይከፍቱለታል። አሁንም ካልተነፈሰ ጥቁር ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል።

አዎ፣ ይታለፋል። በሌላ ቀን ቢሆን ደረቱን እየተጫኑ ይታገሉለት ነበር። እኛ ዘንድ የወደቀን ሰው ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ጨካኞች!» ብሎ ቢጮኽ አልፈርድበትም። ግን እሱ ላይ የሚጠፋው ደቂቃ አጠገቡ ደም እየፈሰሰው ካለው ሰው ላይ የተወሰደ ነው።

«አልተቃጠለም፣ ደህና ነው»

የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ዋሻ ውስጥም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ይሸወዳል፤ ሰውየው ተመርዞም «ደህና» የሚል ቁጥር ያሳያል። ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካስመለሰው ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ቤቱ አይሄድም።

«በተገኘው መኪና ጥቁር አንበሳ ማድረስ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን የተባለ መርዝ ሲለቀቅ፣ ብዙው ሰው በእግሩና በታክሲ ሆስፒታል ሄደ። ቅርብ የነበረው አንድ ሆስፒታል በዚያው ቀን 640 ሰው ገባበት። ቀላሉ ጉዳተኛ ቀድሞ በሩን ሲሞላው ከባዱ ውጭ ይቆያል። 939 (እሳት አደጋ) ወይም 907 (አምቡላንስ) ደውሉና በየትኛው መውጫ በኩል እንዳላችሁ፣ ጭሱም በየት እንደሚወጣ ንገሯቸው።