ወገብ ሲይዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቅርቡ አንዲት እናት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ገቡ። ውሃ የሞላ ጀሪካን ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ወገባቸውን ያዛቸው። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ተኝተዋል፤ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሦስት ጊዜ ተወግተዋል፤ ኩላሊታቸው መታመሙንም አልተጠራጠሩም። ስመረምራቸው ግን ከሕመሙ የበለጠ አስሮ የያዛቸው ፍርሃቱ ነበር። ስለ ወገብ የሚነገረውን ነገር አንድ በአንድ ማየት የፈለግኩት ለዚህ ነው።

«ኩላሊቴን ነው»

የእኛ ሰው ወገቡን ሲያመው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኩላሊቱን ነው። ኩላሊት የሚገኘው ግን አብዛኛው ሕመምተኛ እጁን ከሚያሳርፍበት ከቀበቶ መስመር ከፍ ብሎ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው። የኩላሊት ሕመም ጎንበስ ቀና በማለት ብዙም አይለወጥም፤ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሽንት ማቃጠል ወይም በሽንት ውስጥ ደም አብሮት ሊመጣ ይችላል። ጠጠር ከሆነ ደግሞ እየመጣ እየሄደ፣ ወደ ብሽሽት እየወረደ ያንፈራፍራል። ስንንቀሳቀስ የሚብስ፣ ጋደም ስንል ቀለል የሚል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ፣ የጅማት ወይም የመገጣጠሚያ ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ስለ ኩላሊቱ የሰጋው ሰው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ለሳምንታት ይውጣል። ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለው እንዲህ ያለው አወሳሰድ ነው፤ በተለይ አረጋውያንን፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸውን። ጨጓራንም ሊያደማ ይችላል። መድኃኒቱ ሐኪም አይቶ ለጥቂት ቀናት ሲያዝዘው ይረዳል፤ በራስ ፈቃድ ለወራት የሚወሰድ ግን አይደለም።

«ተኝቼ ካላረፍኩ አይሻለኝም»

ሕመሙ ሲጠና ለአጭር ጊዜ ጋደም ማለት ችግር የለውም። ቀናት ሲቆጠሩ ግን ጡንቻው ይዝላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ፍርሃቱም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ የከተማዋ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። ወገባቸውን ከያዛቸው ሠራተኞች መካከል ቶሎ ያገገሙት ሁለት ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ የታዘዙት አልነበሩም፤ አቅማቸው በፈቀደው መጠን የዕለት ሥራቸውን የቀጠሉት ነበሩ።

ለእኚያ እናት በመጀመሪያ ያሳየኋቸው ከአልጋ አነሣስን ነው። ጉልበታቸውን አጠፉ፤ ትከሻና ዳሌያቸውን በአንድነት ወደ ጎን አዞሩ፤ እግራቸውን ከአልጋው እያወረዱ በክርናቸው ገፍተው ቀና አሉ። «ያን ያህል አላመመኝም እኮ» ብለው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ በየሰዓቱ አምስት አምስት ደቂቃ ቤት ውስጥ እንዲራመዱ፣ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ እንዲጨምሩ ተስማማን። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም እርምጃ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ በባለሙያ ምክር አዘውትረው የተራመዱ ሰዎች ሕመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ሲቆዩ፣ ይህን ምክር ያላገኙት የቆዩት 112 ቀን ነበር።

«ኤምአርአይ ካልተነሣሁ ሕመሜ አይታወቅም»

ይህ እምነት ብዙ ቤተሰብ ያለውን ገንዘብ አሟጦ ጨርሶበታል። ሰው ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ይመጣና «ዲስኬ ተንሸራቷል» ይላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ልጁን ማቀፍ ይፈራል። ዲስክ ግን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ መሰል አካል ሲሆን፣ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ ነው፤ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሎ አይወጣም። የሚሆነው ከዕድሜ ጋር መሳሳትና ወደ ውጭ መገፋት ነው፤ ይህም ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ቅኝት እንዳሳየው፣ ሕመም ከሌላቸው የ50 ዓመት ሰዎች 80 በመቶው ያረጀ ዲስክ፣ 60 በመቶው ደግሞ ወደ ውጭ የተገፋ ዲስክ አላቸው። የጀርባ ሽበት በሉት። ነርቭ ተጭኖ እግርን የሚያም ዲስክ እንኳ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና እየሟሸሸ ይሄዳል።

«ከወለድኩ በኋላ የወገብ መርፌው ነው የጣለኝ»

ይህ በወሊድ ጊዜ ለማደንዘዣ ወገብ ላይ የሚሰጠው መርፌ የሚገባው የኅብለ ሰረሰር ጫፍ ካበቃበት በታች ነው። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል፤ ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን ከመርፌው እንደሚመጣ ጥናቶች አላረጋገጡም። እርግዝናው ራሱ፣ አጎንብሶ ማጥባቱና ያለ እንቅልፍ ሕፃን ተሸክሞ ማደሩ ወገብን ያደክማሉ። ሕመሙ እውነት ነው፤ የተወነጀለው ግን ሌላ ነው።

«ቀበቶ ልታጠቅ፣ ወለል ላይ ልተኛ»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም የወገብ መደገፊያ ቀበቶን አይመክርም። መኝታም በጣም ጠንካራ መሆን አያስፈልገውም፤ መካከለኛ ፍራሽ ይሻላል።

«ወገብ ነው፤ ያልፋል»

አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ያልፋል። የማያልፈውን ግን መለየት ግድ ነው። ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ቆዳው ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመምም ሳይመረመር ወጌሻ ሊስበው አይገባም።

በአገራችን ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ። ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ሌሊትም የማይተኛ ሕመም፣ የማታ ትኩሳት፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ሳል ባይኖርም ቲቢን መጠርጠር ይገባል። ዘግይቶ የተገኘ የአከርካሪ ቲቢ አከርካሪን ሊያጎብጥ፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ቀድሞ ከተገኘ ግን በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል።