ሰርቨሩ ላይ ማን አለ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቅርቡ አንድ ጀማሪ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ «ሁ» (በእንግሊዝኛ «ማን») የሚለውን ትዕዛዝ ጻፈ። የስድስት ሰው ዩዘርኔም ተደረደረለት። ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ከየት ሆኖ እንደገባ ጭምር። ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ይሄን ማየት ይፈቀድልኛል እንዴ?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝ። ብዙ ሰው አንድ ሰርቨር፣ ማለትም በሊነክስ ሲስተም የሚሠራ የጋራ ኮምፒውተር፣ በሚጋራበት ቦታ፣ የዩኒቨርሲቲ ላብ ይሁን መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዱ ምንም የሚታይ ነገር ያለ አይመስለውም። ሌላው ደግሞ ሁሉም ነገር የሚታይ ይመስለዋል። ሁለቱም ሰው ሲጎዱ አይቻለሁ። ስሰማቸው የኖርኩትን እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የሌላ ዩዘር መረጃ ማየት ሰርጎ መግባት ነው»

አይደለም። እነዚህ ትዕዛዞች የተሠሩት ሰው ከሰው እንዲገናኝ ነው። ፊንገር የሚባለውን ትዕዛዝ ውሰዱ። በ1971 በስታንፎርድ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ ሌስ ኧርነስት የሚባል ሰው ነበር። ባልደረቦቹ የገቡትን ሰዎች ዝርዝር አውጥተው፣ በጣታቸው ወደ ታች እየተከተሉ «ይሄ እከሌ ነው፤ ይሄኛውስ ማነው?» ሲባባሉ ያያል። ዝርዝሩ አጭር መለያ እንጂ ስም አልነበረውማ። እሱም ሙሉ ስም የሚያወጣ፣ ሰውየው ኪቦርድ ከነካ ምን ያህል እንደቆየ የሚናገር ፕሮግራም ጻፈ። ስሙንም ጣት አለው፤ ፊንገር። ቀጥሎ «ፕላን» የሚባል ፋይል መጣ። «እስከ ማክሰኞ የለሁም» ብለህ ትጽፍበታለህ፤ የፈለገህ ሰው ያነበዋል።

ግቢ ተጋርቶ የኖረ ሰው ይሄ አይጠፋውም። የማን በር ክፍት እንደሆነ ማየት ሌላ፣ በሩን ገፍቶ መግባት ሌላ።

«ፓስወርድ የሚባለው ፋይል የሁላችንን ፓስወርድ ይዟል»

ስሙ ነው ያሳሳተው። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለው ይህ ፋይል ለእያንዳንዱ አካውንት አንድ መስመር አለው። መስመሩ በሁለት ነጥብ እየተለየ ሰባት ነገር ይይዛል፦ ዩዘርኔም፣ የፓስወርድ ቦታ፣ የዩዘር ቁጥር፣ የግሩፕ ቁጥር፣ ሙሉ ስም ከስልክና ከቢሮ ጋር፣ ሆም ፎልደር (የዩዘሩ የግል ፎልደር)፣ መጨረሻ ላይ ሼል፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም። ዛሬ የፓስወርዱ ቦታ ላይ የምታገኙት «ኤክስ» የምትል አንዲት ፊደል ናት። ድሮ የተመሰጠረው ፓስወርድ እዚያው ነበር። ኮምፒውተር እየፈጠነ ሲሄድ ግን ገምቶ ማግኘቱ ቀለለ። ስለዚህ ተራ ዩዘር ወደማይከፍተው «ሻዶው» ወደሚባል ፋይል ተዛወረ።

«ታዲያ ይሄኛውንስ ለምን አንዘጋውም?» የሚል አድሚን አይጠፋም። አንዱ ሞክሮት አይቻለሁ። ችግሩ፣ ሲስተሙ ፋይልን የሚያስረው ከሰው ስም ጋር ሳይሆን ከዩዘር ቁጥር ጋር ነው። የፋይል ዝርዝር ስታወጣ ቁጥሩ ወደ ስም የሚተረጎመው ከዚህ ፋይል ነው። ሲዘጋ የፋይሎቹ ባለቤቶች በሙሉ ቁጥር ሆነው ቀሩ። አዲስ ተርሚናል የከፈተ ሰው ደግሞ ዩዘርኔሙ በሚወጣበት ቦታ ላይ «ስም የለኝም!» የሚል ጽሑፍ ጠበቀው። ባሽ የሚባለው ሼል በእንግሊዝኛ ልክ እንዲህ ነው የሚለው። ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ስናነሳ አረፈድን።

በተቃራኒው፣ ፋይሉ ውስጥ ስሙን ያጣ ሰው «ይሄ ዩዘር የለም» ብሎ ይደመድማል። አካውንቶች ኤልዳፕ በሚባል የጋራ መዝገብ ከአንድ ማዕከል በሚመጡበት ቦታ ይሄ ስህተት ነው። «ጌትኤንት» የሚለው ትዕዛዝ ፋይሉንም ማዕከሉንም ይጠይቃል።

«ስሜ ቢታይ ምን ይጎዳኛል?»

በኖቬምበር 2 ቀን 1988 የሞሪስ ትል ተለቀቀ፤ ትል የሚባለው ራሱን እያባዛ በኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዛመት ፕሮግራም ነው። የለቀቀው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሮበርት ሞሪስ ነው። ትሉ የገባበት አንዱ መንገድ ራሱ ፊንገር ነበር። ከሌላ ማሽን የሚመጣ የፊንገር ጥያቄ የሚቀበለው ፕሮግራም 512 ባይት ቦታ አዘጋጅቶ የሚመጣውን ርዝመት ሳይለካ ይቀበል ነበር። ትሉ 536 ባይት ላከለት። ትርፉ ፈሰሰና ማሽኑ የትሉን ትዕዛዝ ፈጸመ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው መንገድ ነው። ትሉ ከፓስወርድ ፋይሉ ላይ የሰዎቹን ስም ያነብ ነበር። ከዚያ ዩዘርኔሙን ራሱን እንደ ፓስወርድ ይሞክራል። ገልብጦ ይሞክራል። ሁለት ጊዜ አከታትሎ ጽፎ ይሞክራል። የራስ ስምን፣ የቤተሰብ ስምን ይሞክራል። ቀጥሎ ይዞት የመጣውን 432 ቃላት። በዚህ ብቻ ብዙ አካውንት ተከፈተለት። ዛሬም በስማቸውና በትውልድ ዓመታቸው ፓስወርድ የሚሠሩ ባልደረቦች አሉኝ። ስምህ መታየቱ ብቻውን አይጎዳህም። የሚጎዳህ ከሚታየው ነገር ቁልፍ ስትሠራ ነው።

«ፊንገር ያኔ ሞተ» የሚሉም አሉ። አልሞተም። ቀዳዳው ተደፈነ፤ ማሽኖች በፊንገር የሚጠያየቁበት ደንብ (ፕሮቶኮሉ) በ1991 ታድሶ ወጣ። በ1990ዎቹ የጌም ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ የሥራ ማስታወሻውን በፕላን ፋይሉ ያስነብብ ነበር። የቀረው ቀስ በቀስ ነው። ለማያውቁት የውጭ ሰው የዩዘር ዝርዝር መስጠት አያዋጣም ተባለና የፊንገር ጥያቄ የሚገባበት በር፣ ፖርት 79፣ በየቦታው ተዘጋ።

«ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ሥራ ላይ አልነበረም»

ይሄኛው ያናድደኛል፤ ሰው እንጀራውን ሊያጣበት ስለሚችል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቦታ አለቃው «ላስት» የሚባለውን፣ ከዚህ በፊት ማን መቼ እንደገባ የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ ውጤት አትሞ እንደ ፊርማ መዝገብ ሊጠቀምበት ፈለገ። አንዷ ሠራተኛ ወሩን ሙሉ አልገባችም ተባለ። እሷ ግን በየቀኑ ፋይል ትልክ ነበር።

«ሁ» የሚያየው ተርሚናል ከፍቶ የገባን ሰው ነው። በኤስኤፍቲፒ ፋይል የሚልክ፣ ተርሚናል ሳይከፍት በኤስኤስኤች (ከርቀት ሰርቨር መግቢያው) አንድ ትዕዛዝ ብቻ የሚያስፈጽም፣ ሥራውን በሰዓት እንዲነሳ ክሮን ላይ ያስቀመጠ ሰው እዚያ አይታይም። በአንጻሩ ሦስት መስኮት የከፈተ ሰው ሦስት መስመር ይሆናል። ተርሚናሉን ከፍቶ ምሳ የሄደም እዚያው ነው። «ደብሊው» የሚለው ትዕዛዝ ይሻላል፤ ኪቦርድ ከተነካ ስንት እንደሆነ ይናገራል። «ላስት» የሚያነበው መዝገብም ብዙ ቦታ በየወሩ እንደ አዲስ ይጀምራል። መጨረሻው መስመር ላይ መዝገቡ ከመቼ እንደሚጀምር ተጽፏል። አለቃው እሷን ከመጥራቱ በፊት ያንን መስመር እንኳ አላነበበም።

«ፓስወርዴን ትዕዛዙ ላይ ብጽፈው የማየው እኔ ብቻ ነኝ»

«ፒኤስ» የሚለው ትዕዛዝ አማራጭ ሲጨመርበት የሁሉንም ዩዘር እየሠራ ያለ ፕሮግራም፣ ከተጻፈው ሙሉ የትዕዛዝ መስመር ጋር ያወጣል። የዳታቤዝ ፓስወርድህ እዚያ ካለ አጠገብህ ያለው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። አድሚኑ «ፒኤስ» መረጃውን የሚያነብበትን፣ ፕሮክ የሚባለውን ፎልደር «ሃይድፒድ» በሚለው አማራጭ ካልሸፈነው በስተቀር። ፓስወርድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ፋይሉም ለአንተ ብቻ ይከፈት።

«የለቀቀውን ሠራተኛ ሰርዘነዋል፤ አለቀ»

አላለቀም። ዩዘሩን ስትሰርዝ ሆም ፎልደሩንና በየቦታው የተዋቸውን ፋይሎች ካልነካህ፣ ባለቤታቸው ስም የሌለው የዩዘር ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል፤ 1017 እንበል። መጨረሻ የተመዘገበውን ሰው ሰርዘህ አዲስ ሰው ስትመዘግብ ያው 1017 ሊደርሰው ይችላል። በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የገባች ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የቀድሞው ሠራተኛ ፋይሎች በስሟ ሆነው አገኘቻቸው። ስለ ሰዎች የተጻፈ የሥራ ግምገማ ነበረበት። እንደ እድል ታማኝ ነበረችና መጥታ ነገረችን። ስንፈልግ ሌላ ባለቤት አልባ ፋይልም አገኘን። «ፋይንድ» የሚለው ትዕዛዝ በ«ኖዩዘር» አማራጭ ለቅሞ ያወጣቸዋል።

ስለዚህ እኔ አልሰርዝም፤ እቆልፋለሁ። እዚህም ላይ መሳሳት አለ። ፓስወርዱን መቆለፍ ብቻውን አይበቃም፤ በኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ማለትም በፓስወርድ ፈንታ በሚያገለግል ፋይል፣ የሚገባ ሰው ፓስወርድ አይጠየቅም። አካውንቱ ራሱ ጊዜው እንዳለፈበት መደረግ አለበት።

«ሰው የሚፈለገው በመጨረሻ ስሙ ነው»

ይሄ የእኛው ጉዳይ ነው። ብዙ ቦታ ዩዘርኔም የሚሠራው ከራስ ስም አንድ ፊደል፣ ከዚያ የመጨረሻው ስም ተጨምሮ ነው። አልማዝ ከበደ የምትባል ሴት እንዲህ ስትመዘገብ የምትታወቀው በአባቷ ስም ይሆናል። ፊንገር ሙሉ ስም ውስጥም ስለሚፈልግ «ከበደ» ብሎ የጠየቀ ሰው አባታቸው ከበደ የሆኑትን ሁሉ ያገኛል። «አልማዝ» የሚለው ግን እሷን ያመጣል። ሀገር ውስጥም ውጭ ሀገርም ዩዘርኔም የምትመድቡ ሰዎች፣ ሐበሻን በራሱ ስም መዝግቡት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ፊንገርን በራስህ ላይ ሞክረው አልኩት። ስሙ ወጣ፣ የቢሮ ቁጥሩ ወጣ፣ የእጅ ስልኩም ወጣ። ሲመዘገብ ሞልቶት ረስቶታል። ይህን መረጃ የሚቀይረውን «ሲኤችኤፍኤን» የሚለውን ትዕዛዝ አሳየሁት። የስልክ ቁጥሩን ከዚያ ሰረዘ። የቢሮ ቁጥሩን ግን ተወው፤ «የፈለገኝ ሰው ይምጣ» አለ።