ከዋክብትን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ማየት፦ ፕላኔታሪየምና የተማሪዎች የሥነ ፈለክ ትምህርት

ፕላኔታሪየም ሰው ሠራሽ ሰማይ የሚታይበት አዳራሽ ነው። ጣሪያው ጉልላት ነው። መሀል ላይ የተተከለ ማሽን፣ ወይም ዙሪያውን የተደረደሩ ፕሮጀክተሮች፣ የከዋክብቱን ምስል ጉልላቱ ላይ ያሳርፋሉ። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ወደ ላይ ያያል። ብዙ ሰው ፕላኔታሪየምን ከኦብዘርቫቶሪ ጋር ያምታታዋል። ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፕ ያለበት፣ እውነተኛው ሰማይ የሚጠናበት ቦታ ነው። ፕላኔታሪየም ግን አንድም እውነተኛ ኮከብ አያሳይም። ለተማሪ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ቀን ነው፤ ከዋክብት የሚታዩት ማታ። የሰማይ ነገር ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ማርስ መንገዷን ለውጣ ወደ ኋላ የምትሄድ መስላ የምትታየው በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ ነው። ሳተርን ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመጨረስ 29 ዓመት ይወስድበታል። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ሁሉ ጠብቆ የሚያይበት ዕድል የለውም። ደመና አለ፣ የከተማ መብራት አለ፣ ልጆችን በሌሊት ሰብስቦ በሰላም የመመለስ ጣጣም አለ። ጉልላቱ ውስጥ ግን አቅራቢው አንድ ቁልፍ ሲነካ አንድ ወር በአንድ ደቂቃ ያልፋል። ሌላ ቁልፍ ሲነካ ክፍሉ በሙሉ ካለበት ከተማ ተነሥቶ ሰሜን ዋልታ ላይ ይቆማል። ጊዜን ማፍጠንና ቦታን መቀየር፤ የፕላኔታሪየም የማስተማር ጉልበት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሙዚቃውና የሚንቦገቦገው ቪዲዮ ማጣፈጫ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1774 በኔዘርላንድስ ጨረቃና በርካታ ፕላኔቶች ሰማይ ላይ ተቀራርበው እንደሚታዩ ታወቀ። ወዲያው የዓለም መጨረሻ ደረሰ የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሕዝቡ ተሸበረ። በፍራኔከር ከተማ ኤይሴ ኤይሲንጋ የሚባል የሱፍ ባለሙያ ነበር። የፀሐይን ቤተሰብ እንቅስቃሴ የሚያሳይ መሣሪያ በገዛ ሳሎኑ ጣሪያ ላይ መሥራት ጀመረና በ1781 ጨረሰው። ጥርሶቹ ከሚስማር ናቸው፣ ጎማዎቹ ከእንጨት። ዛሬም ይሠራል፤ ዩኔስኮም በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ያለው ሳተርን የሚዞረው በእውነተኛው ፍጥነቱ ነው። እንደ ጥበብ ሥራ እጅግ ያስደንቃል። ለክፍል ትምህርት ግን ችግሩ ያው ነው፤ አንድ ዙር ለማየት 29 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል።

የዛሬው ዓይነት ፕላኔታሪየም የጀርመን ሥራ ነው። ሙኒክ የሚገኘው የዶይቸስ ሙዚየም መሥራች ኦስካር ፎን ሚለር ጎብኚው ሰማዩን ከውስጥ ሆኖ የሚያይበት መሣሪያ ይፈልግ ነበር። በመጀመሪያ የታሰበው የሚሽከረከር ትልቅ የብረት ኳስ ነበር። በየና ከተማ የካርል ሳይስ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ዋልተር ባወርስፌልድ ነገሩን ገለበጠው፤ ጉልላቱ ባለበት ይቁም፣ የሚንቀሳቀሰው ብርሃኑ ይሁን አለ። መሣሪያው በ1923 ለሙከራ ታየ፤ በ1925 ሙኒክ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። 4,500 ያህል ከዋክብት ያሳይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የና ውስጥ የተከፈተው ፕላኔታሪየም እስካሁን እያገለገለ ነው። አሜሪካ የመጀመሪያዋን ያገኘችው በ1930 ቺካጎ ላይ ነው፤ አድለር ፕላኔታሪየም ይባላል።

እነዚህ ሁሉ የትልልቅ ከተሞች ጌጥ ነበሩ። የሳይስ ማሽን ዋጋ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚቀመስ አልነበረም። ይህን የቀየረው አርማንድ ስፒትስ ነው። በ1947 በ500 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ ቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ባለ 12 ገጽታ ሣጥን፣ ውስጡ አምፖል፣ ገጽታዎቹ ላይ በከዋክብቱ ቦታ የተበሱ ቀዳዳዎች። እንደ ሳይሱ የጠራ ምስል አይሰጥም፤ ግን ትምህርት ቤት ይገባል። ከዚያ ሶቭየት ኅብረት በ1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ ስፑትኒክን፣ አመጠቀች። አሜሪካውያን ደነገጡ። በ1958 ለሳይንስ ትምህርት ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ወጣ፤ በዚያ ገንዘብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ጉልላት አቆሙ። በፖለቲካ ፉክክር ምክንያት ልጆች ኦሪዮን የሚባለውን ኅብረ ኮከብ (የከዋክብት ስብስብ) አወቁ ማለት ነው። አይከፋም።

ሌላው ትልቅ እርምጃ ጉልላቱን ራሱን ተንቀሳቃሽ ማድረግ ነበር። በ1977 ፊሊፕ ሳድለር የሚባል የማሳቹሴትስ መምህር በአየር የሚነፋ ፕላኔታሪየም ሠራ። ሲታጠፍ በቦርሳ ይያዛል። ጂምናዚየም ውስጥ ይዘረጋል፤ ማራገቢያው ሲከፈት ተነፍቶ ይቆማል፤ ልጆች በጠባብ መግቢያ በዳዴ ይገባሉ። ዳዴው ራሱ ግማሽ ደስታ ነው። በ1983 ደግሞ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው የመጀመሪያው ዲጂታል ፕላኔታሪየም በአሜሪካዋ ሪችመንድ ከተማ ሥራ ጀመረ። ዲጂታሉ ተመልካቹን ከምድር ላይ አንሥቶ ወደ ሳተርን ቀለበት መውሰድ ይችላል። የከዋክብቱ ጥራት ግን ለረጅም ጊዜ ከአሮጌው የሌንስ ማሽን ያነሰ ነበር፤ እስከ ዛሬ የአሮጌውን ሰማይ የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ።

አንድ የተለመደ የተማሪዎች ጉብኝት ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ደህና አቅራቢ መብራቱን ድንገት አያጠፋም። አንደኛ፣ ትንንሾቹ ያለቅሳሉ። ሁለተኛ፣ ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹ በሚያውቁት ሰማይ ይጀመራል። የራሳቸው ከተማ አድማስ ዙሪያውን ይታያል፤ ፀሐይ ቀስ እያለች ትጠልቃለች፤ አንድ ሁለት ኮከብ ብቅ ይላል። ከዚያ አቅራቢው የከተማውን መብራት «ያጠፋዋል»። ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። እዚህ ላይ የማይጮኽ ክፍል የለም።

ጥያቄው ከጩኸቱ በኋላ ምን ይቀራል የሚለው ነው። በፕላኔታሪየም ሰዎች መካከል ክርክሩ የቆየ ነው። አንደኛው መንገድ ትርኢት ነው፤ የተቀዳ ድምፅ ይተርካል፣ ልጆቹ ያያሉ፣ ያልቃል። ሁለተኛው መንገድ ልጆቹን ማሠራት ነው። በ1970ዎቹ በርክሌይ በሚገኘው ሎረንስ የሳይንስ አዳራሽ አለን ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ይህን ሁለተኛውን መንገድ አዳበሩት። ተማሪው የኮከብ ካርታና ትንሽ የእጅ ባትሪ ይሰጠዋል። ካርታው ላይ ያለውን ኅብረ ኮከብ ጉልላቱ ላይ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ በጣቱ ይጠቁማል፤ ከዚያ ሰዓቱ ይፈጥንና ትክክል መሆኑ ይታያል። በ1982 የታተመ የማሎንና የብሩስ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አነጻጽሮ የተሻለ የተማሩት የተሳተፉት ልጆች መሆናቸውን አሳይቷል። በ2009 ደግሞ ጁሊያ ፕላመር የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አጠናች። ልጆቹ የፀሐይን መንገድ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በእጃቸው እየተከተሉ ሲማሩ ግንዛቤያቸው በግልጽ ተሻሽሏል። በዚያው ዓመት 19 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሌላ ሥራ ፕላኔታሪየም ይጠቅማል፣ ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው ብሎ ደምድሟል።

እኔን አይገርመኝም። ቁጭ ብሎ ብቻ የሚያይ ልጅ ሲኒማ ገብቶ ነው የወጣው። ደስ ይለዋል፤ ማታ ለእናቱ ያወራል፤ የጨረቃን መጉደል ግን አሁንም የምድር ጥላ ነው ይላል። የምድር ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። በየወሩ የምትጎድለው ፀሐይ ያበራችውን ገጽታዋን ከተለያየ አቅጣጫ ስለምናይ ነው።

የተሳሳተ ግንዛቤ በቀላሉ እንደማይነቀል የሚያሳይ ዝነኛ ምሳሌ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ቀን 23 ተመራቂዎች፣ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች ስለ ወቅቶች መፈራረቅ ወይም ስለ ጨረቃ ቅርጽ ተጠየቁ። 21ዱ ተሳሳቱ። ብዙዎቹ የሙቀት ወቅት የሚሆነው ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብ ነው አሉ። እንዲያውም ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ (በጃንዋሪ መጀመሪያ)፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ነው። የወቅቶቹ ምክንያት የምድር ማዘንበል ነው። ከዚህ ሥራ ጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ያ የሚነፋውን ጉልላት የሠራው ሳድለር ነው። ጉልላቱን ያወጣው ሰው ጉልላት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው መምህራን ጉብኝቱን ከፊትና ከኋላ ያጥሩታል። ከመሄዳቸው በፊት ልጆቹ ጨረቃን ለጥቂት ቀናት አይተው ይሥላሉ። ከተመለሱ በኋላ ክፍሉን አጨልመው በአንድ አምፖልና በኳስ የጨረቃን መጉደልና መሙላት ራሳቸው ይሠራሉ። ጉልላቱ ላይ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዘው ይገባሉ። ከትልቁ ፍንዳታ እስከ ጥቁር ጉድጓድ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ልንገር የሚል ፕሮግራም ልጆቹን ያደነዝዛል። ሰማዩን በፍጥነት ማሽከርከርም ያስመልሳል፤ ቁርስ በልተው የመጡ ሰላሳ ልጆች እንዳሉ መርሳት አያስፈልግም።

በትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥር ያለ ፕላኔታሪየም ምን እንደሚመስል ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የቨርጂኒያው አርሊንግተን ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለቤቱ የወረዳው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ነው። እዚያው አርሊንግተን አድጎ በ2003 በኮሎምቢያ መንኮራኩር አደጋ ባረፈው ጠፈርተኛ በዴቪድ ብራውን ስም ይጠራል። በ2010 በበጀት ምክንያት ሊዘጋ ነበር። ነዋሪዎቹ ገንዘብ አሰባስበው አሳደሱትና በ2012 እንደገና ተከፈተ። አስተዳደሩ ለወላጆች መልእክት ከሚያስተላልፍባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የእኛ ልጆችም የሚሄዱት እዚያው ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ተመሠረተ። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በ2015 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የአዲስ አበባው የሳይንስ ሙዚየምም ባለ ጉልላት ትርኢት አዳራሽ አለው። እቃው ቀስ በቀስ እየመጣ ነው። እቃው በሌለበት ደግሞ ስቴላሪየም የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ብዙ ርቀት ያስኬዳሉ። ግድግዳ ላይ ቢሆንም ሰማዩ ያው ሰማይ ነው።

ቦታውን ግን አዲስ አበባ ላይ ማስተካከል የግድ ነው። ለአውሮፓ ተማሪ የተሠራ ፕሮግራም የሚያሳየው የእኛን ሰማይ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ እንጦጦ እግር ሥር ላለ ሰው ተራራው ሊጋርዳት ይችላል። በምትኩ በግንቦት ምሽት በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባለውን ኅብረ ኮከብ እናያለን፤ ለንደን ያለ ልጅ ይህን ከቤቱ ሆኖ በፍጹም አያየውም። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀናችን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን መቁጠር የተመቸንም ለዚህ ነው።

ተረትም ቢፈለግ አለ። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስ ልጅ ናት፤ ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ቢሆንም። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከ100 በላይ አገሮች ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጡ ጋበዘ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ በአንድሮሜዳ ስም በሚጠራው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ አቦል። ቡና በዓይን ብቻ አይታይም፤ ጉልላት ላይ ግን አጉልቶ ማሳየት ይቻላል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፕላኔት ቢገኝ ስማቸው ምን እንደሚሆን ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ።

አንድ ነገር ግን ከጉልላቱ ውጭ ቢታይ ይሻላል። የአሜሪካ ልጆች «ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች» ሲሉ መምህራን ያርሟቸዋል፤ ከሃዋይ በስተቀር አገራቸው ውስጥ እንዲህ አይሆንምና። አዲስ አበባ ላይ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ይሆናል፤ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ። ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በዚያ ሰዓት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን። ጉብኝቱን ከዚህ ጋር ማያያዝ የሚፈልግ መምህር የሚያዝያውን ቀን ቢይዝ ይሻለዋል። በነሐሴው ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና።